የግቢ ጓደኞች በስተርጅና ለምን ይፈላለጋሉ?

በቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪ የሚታወቀው በመምህሩ ነው። ቅኔ የት ተማርክ ሲባል የደብሩንና የየኔታን ስም ይጠራል እንጂ አብረውት የተቀኙትን አይቆጥርም። ጎጆ ተጋርተው፣ ቁራሽ ለምነው ያደጉ የቆሎ ተማሪዎች ፍቅር ቀላል ሆኖ አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ በጥቅምት ገብቶ በግንቦት ይሄዳል፣ ሌላው ዓመታት ይቀመጣል፤ እኩል ጀምሮ እኩል የሚጨርስ ጉባኤ የለም። «የዚህ ዓመት ተመራቂ» የሚባለው ዝምድና ሥር የያዘው ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ሲመጣ ነው። በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉሲየን ማት መሪነት አራት ኪሎ ላይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የአለማያ እርሻ ኮሌጅና የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከተሉ፤ በ1954 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቶ ሁሉንም በሥሩ ጠቀለለ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወጣቶች በአንድ ዶርም አደሩ፣ በአንድ ገበታ በሉ፣ በአንድ ቀን ገዋን ለበሱ።

የእነዚያ ግቢዎች ልጆች ዛሬ ሽበታቸውን ይዘው በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ሲፈላለጉ «ከአሜሪካ የተቀዳ ፋሽን ነው» የሚል አይጠፋም። ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ አለማያ የተቋቋመው በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ ነበር፣ ብዙዎቹም ሁለተኛ ዲግሪያቸውን እዚያው አገር ሠርተዋል። ሆኖም የአሜሪካ ኮሌጅ ምሩቃኑን የሚጠራው ራሱ ነው፤ ቢሮ አለው፣ የስም ዝርዝር ይይዛል፣ ገንዘብም ይጠይቃል። የእኛዎቹ በአብዛኛው የሚጠራሩት እርስ በርሳቸው ነው። ወጉም ቢሆን የማኅበር ወግ ነው፦ ተራ እየገቡ መደገስ፣ መዋጮ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ልቅሶ መድረስ። ከሁሉ በላይ ግን መነሻው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ሥራና ትዳር ብቻ የለያያቸው አይደሉም፤ ታሪክ በጉልበት በትኗቸዋል።

በታኅሣሥ 1967 ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ከዚያ የተመለሱትን 1969ና 1970 ጠበቃቸው፤ ቀይ ሽብር። በአንድ ዶርም ያደሩ ጓደኛሞች አንዱ ኢሕአፓ፣ ሌላው መኢሶን ሆነው ተፋለሙ። አንዱ ተገደለ፣ አንዱ ታሰረ፣ አንዱ በሱዳን በኩል ወጣ፣ አንዱ አንገቱን ደፍቶ መሥሪያ ቤት ከረመ። ስለዚህ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሲገናኙ የልጅ ልጅ ፎቶና የስኳር መድኃኒት ወሬው ቶሎ ያልቅና «እገሌስ?» ይመጣል። አንዱ መጨረሻ ያየው ከፍተኛ እስር ቤት ነው፤ ሌላው ሞቱን ሰምቷል፣ የት እንደሆነ አያውቅም። ስብሰባው ያኔ መዝገብ ማሟያ ይሆናል።

በዚህ ላይ የሚነሳው ብርቱ መቃወሚያ የሽማግሌ ትዝታ አይታመንም፣ የሚናገረውም የተረፈው ብቻ ነው የሚል ነው። ልክ ነው፤ ለብቻው የተጻፈ ትዝታ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ማንም የሚያርመው የለምና። የእኩዮች ስብሰባ ግን ይህን ጉድለት በከፊል ይጠግናል። በ1998 መግቢያ ላይ የቀድሞ የተማሪዎች ንቅናቄ ተሳታፊዎች አዳማ ላይ ተሰብስበው ትዝታቸውን ፊት ለፊት ተነጋገሩ፤ ንግግሩም በታሪክ ምሁሩ በባሕሩ ዘውዴ አዘጋጅነት መጽሐፍ ሆነ። ዋጋው ሁሉም አንድ ቃል መናገራቸው ላይ አይደለም፤ የአንዱ ቃል በዚያው ዘመን በኖረ በሌላው ፊት መፈተኑ ላይ ነው። «የጥቂት ዕድለኞች ጨዋታ ነው» ለሚለውም መልስ አለ። በእርግጥ የዩኒቨርሲቲውን በር የረገጠው ከአገሩ ሕዝብ እፍኝ ነበር፣ ከእፍኙም ሴቶቹ በጣም ጥቂት። ነገር ግን «መሬት ለአራሹ» ብሎ በ1957 አደባባይ የወጣው፣ ኋላም ንጉሡ የወረዱበትን አብዮት መፈክር ያስታጠቀው ይኸው እፍኝ ነው። የእሱ መዝገብ ሲጎድል የአገር መዝገብ ይጎድላል።

የምረቃ መጽሔት ይህን ጉድለት ሊሞላ አይችልም። ፎቶ፣ ስም፣ አንዲት የስንብት ቃል ይዞ ይዘጋል፤ የተባረረው፣ ዘምቶ ያልተመለሰው፣ ከምረቃው በፊት የተገደለው በውስጡ የለም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያሉት የቡድን ፎቶዎችም ብዙዎቹ ጀርባቸው ባዶ ነው። እናም ለሚቀጥለው ግብዣ የምትዘጋጁ ሁሉ፦ ከምግቡ በፊት ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ የእያንዳንዱን ስምና የሚታወቅ መጨረሻ ጻፉ፣ የምትለያዩበትንም ነጥብ ሳትሸፍኑ አስፍሩ፤ ቅጂውን ስድስት ኪሎ ለሚገኘው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስጡ።