ከደብረ ታቦር እስከ ጉና፦ የዱር እንስሳትን አይቶ መመዝገብ ለምንና እንዴት?

ደብረ ታቦር፦ ማለዳ በቄራ ላይ የሚያንዣብበው ጥንብ አንሳ፣ ሌሊት በከተማዋ ዳርቻ የሚጮኸው ጅብ፣ የድንች ማሳ ቆፍሮ የሚያድረው ጃርት ለደቡብ ጎንደር ደጋ ነዋሪ እንግዳ አይደሉም። ብዙ ሰው ያያቸዋል፤ የሚጽፋቸው ግን ጥቂት ነው። ቀንና ቦታ ተጠቅሶ ያልተጻፈ ምልከታ ደግሞ ለጨዋታ እንጂ ለማስረጃ አይበቃም። ይህ ጽሑፍ አርሶ አደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ ያየውን የዱር እንስሳ እንዴት ሊመዘግብ እንደሚችልና የምዝገባውን ጥቅም ያብራራል።

የጉና ትምህርት

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ የሚታየው የጉና ተራራ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች መካከል ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚሁ ተራራ ነው። ጉና ቀደም ሲል የሚታወቅበት ሌላም ሀብት ነበረው፤ ቀይ ቀበሮ። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አይገኝም። የሚኖረው በአብዛኛው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ውርጫማ ደጋ ሲሆን፣ ጠቅላላ ቁጥሩም 500 ገደማ እንደሆነ ይገመታል።

ዛሬ ቀይ ቀበሮ ይኖርባቸዋል ተብለው በሚዘረዘሩት ስፍራዎች ውስጥ ስሜን፣ የወሎ ደጋዎችና መንዝ ጓሳ አሉ፤ ጉና ግን የለም። የእርሻ መሬት ወደ ተራራው ሽቅብ መግፋቱ፣ የግጦሽ ብዛት፣ ከውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች ወረርሽኞች ቀይ ቀበሮን በየስፍራው የሚያጠፉ ምክንያቶች ናቸው። በአንድ ተራራ ላይ ተነጥሎ የቀረ ጥቂት መንጋ ደግሞ በአንድ ቀን አይጠፋም። ዘንድሮ አንድ፣ ከርሞ ሌላ እያለ ይመናመናል። ይህን ቀድሞ ሊያስተውል የሚችለው የአምናውን ቁጥር በእጁ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያው ሊመጣ የሚችለው ከእረኛው፣ ከአርሶ አደሩና ከመንገደኛው ዓይን ቢሆንም፣ ያዩት ካልተጻፈ ለሚመለከተው አካል አይደርስም።

ምን ይጻፋል?

ለምዝገባ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። አንድ ምልከታ የተሟላ የሚባለው የሚከተሉት አምስት ነገሮች ሲኖሩት ነው።

1. የታየው እንስሳ፣ ስሙ ካልታወቀም መልኩና መጠኑ፤
2. ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት፣ እንዲሁም ሰዓት፤
3. ቦታ፦ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ በአቅራቢያው ያለ ወንዝ ወይም ቤተ ክርስቲያን፤
4. ብዛቱና ሲያደርግ የነበረው ነገር፤
5. የተመልካቹ ስም፣ በዓይን ያየው ወይም ከሌላ የሰማው መሆኑ።

እንስሳው ራሱ ባይታይም ዱካው፣ ኩሱ፣ ጉድጓዱ፣ ድምፁ ወይም በመኪና ተገጭቶ የተገኘ በድኑ ይመዘገባል። የሚከተለውን ለናሙና መመልከት ይቻላል፦ «ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ከ30፤ ከወንዙ ማዶ ገብስ ማሳ ዳር፤ ግራጫማ ቀበሮ 2፤ አይጥ ሲያድኑ፤ በዓይኔ ያየሁት።»

በቀን አቆጣጠር ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእጅ ስልክ መተግበሪያ የሚመዘገብ ከሆነ መተግበሪያው የሚጠይቀው የአውሮፓውያኑን ቀንና ሰዓት ነው። ከላይ የተጠቀሰው ናሙና እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 2024 ጧት 7 ሰዓት ከ30 ተብሎ ይገባል። ስድስት ሰዓት የተዛባ ምዝገባ የቀን እንስሳን የሌሊት ያስመስለዋል።

«ቀበሮ» ስንል የትኛውን ነው?

በምዝገባ ላይ ብዙ ስሕተት የሚፈጥረው ስም ነው። ሕዝቡ «ቀበሮ» የሚለው ከአንድ በላይ እንስሳ ነው። በማሳና በመንደር ዳር የሚታየው ተራው ቀበሮ ግራጫማ ወይም ቢጫማ ቡኒ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን ጸጉሩ ደማቅ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ አፈ ሙዙ ቀጭን ነው፤ ጭራው ከሥሩ ነጭ ሆኖ ወደ ጫፉ ጥቁር ይሆናል። ቀን ቀን አይጥና ፍልፈል ያድናል። ስለዚህ ከስሙ በፊት መልኩን መጻፍ ይበጃል። ስሙ ቢሳሳት እንኳ ባለሙያ ከመግለጫው ሊያርመው ይችላል። ጉና ላይ «ቀበሮ አየሁ» የሚል ቃል ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ «ጉሮሮው ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር» የሚል ቃል ግን ባለሙያን ከከተማ ወደ ተራራው ሊያስነሣ ይችላል።

ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል?

ጃርት ድንች ሲቆፍር፣ ጦጣ እሸት ሲያጠፋ፣ ጅብ በግ ሲወስድ ጉዳቱ ይወራል እንጂ ብዙ ጊዜ አይመዘገብም። የጉዳቱን ቀን፣ የማሳውን አቅጣጫና የሰብሉን የዕድገት ደረጃ ለሁለት ዓመት ያህል የጻፈ አርሶ አደር እንስሳው በየትኛው ሳምንትና ከየት በኩል እንደሚመጣ ይደርስበታል። በዚያ መሠረት ጥበቃውን በሚያስፈልገው ጊዜ ያጠናክራል፤ ጉረኖውን ያጠብቃል። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አቤት ሲልም የሚያቀርበው ማስረጃ ይኖረዋል።

በአንጻሩ ለጅብ ተብሎ ጥንብ መመረዝ ጉዳቱ ብዙ ነው። የተመረዘውን ሥጋ ጥንብ አንሳና ውሻም ይበላሉ። አንድ የተመረዘ በድን በርካታ ጥንብ አንሳዎችን በአንድ ጊዜ ሊጨርስ ይችላል።

የከተማው ነዋሪ ድርሻ

በከተማ ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የምትታየው ቀጭን ምንቃር ያላት፣ ፊቷ ላባ የሌለው ትንሿ ጥንብ አንሳ በየቀኑ ስለምትታይ ብዙዎች ቁም ነገር አይሏትም። ሆኖም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ የዓለም ወፎች ተርታ ተመድባለች። የተለመደ እንስሳን መቁጠር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የተሻለው ዘዴ በወር አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ቦታና ሰዓት፣ ለተመሳሳይ ደቂቃ ቆሞ መቁጠር ነው። ምንም ካልታየ «0» ተብሎ ይጻፋል። ባዶ ገጽ «አልቆጠርኩም» ማለት ሲሆን፣ ዜሮ ግን «ቆጥሬ አላገኘሁም» ማለት ነው። በፎገራ ሜዳና በጣና ዳርቻ ደግሞ ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ተጓዥ ወፎች ስለሚኖሩ፣ የመጡበትንና የሄዱበትን ቀን መያዝ ጠቃሚ ነው።

ጥንቃቄዎች

የዱር እንስሳን ለፎቶ ብሎ መቅረብ፣ ግልገሉን መያዝ ወይም ጎሬውን መነካካት አይገባም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳትን ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ብርቅዬ እንስሳ የሚራባበትን ትክክለኛ ቦታም በአደባባይ መግለጽ አደጋ አለው፤ ለባለሙያ ብቻ ይነገራል።

ሰውን የማይፈራ፣ የሚንገዳገድ ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ቀበሮ፣ ጅብ ወይም ውሻ ከታየ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ፈጥኖ ማሳወቅ ይገባል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ምዝገባው ወዴት ይደርሳል?

የመጀመሪያው አድራሻ የቀበሌው የልማት ባለሙያና የወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ነው። የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበባት፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተመራማሪዎች፣ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም እንዲህ ያለ መረጃ የሚጠቅማቸው አካላት ናቸው። ዘመናዊ ስልክ ያላቸው ሰዎች ለወፎች ኢበርድ፣ ለሌሎች እንስሳትና ዕፅዋት አይናቹራሊስት የተባሉትን ነፃ መተግበሪያዎች መጠቀም ይችላሉ። በኋለኛው ፎቶ ሲጫን ሌሎች ተጠቃሚዎች እንስሳውን በመለየት ያግዛሉ፤ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች የታዩበትንም ትክክለኛ ቦታ መተግበሪያው ይሸሽጋል።

ስልክ ቢኖርም ደብተሩ መቅረት የለበትም። ስልክ ሊጠፋ፣ ኔትወርክም ሊቋረጥ ይችላል። በጉና ግርጌ ያለ እረኛ ዛሬ በደብተሩ የሚያሰፍራት አንዲት መስመር፣ ነገ «ይህ እንስሳ እዚህ ነበረ ወይ?» ለሚል ጥያቄ ማስረጃ ያላት መልስ ትሆናለች።