«የስም ፍቺ» ወይስ «አድራሻ ፍለጋ»? ስለ አንድ የኮምፒዩተር ቃል ታሪክ

የንግድ ድርጅቶችን የኮምፒዩተር መረብ የሚመለከቱ መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ በስም የተጠራ ሰርቨር ቁጥራዊ አድራሻው የሚገኝበት አሠራር «የስም ፍቺ» ተብሎ ሲጻፍ አጋጥሞኛል። ተርጓሚው በዚህ ብዙ አይነቀፍም፤ የእንግሊዝኛው ቃል በላቲን ሥሩ ከመፍታት ጋር ይዛመዳልና። ነገር ግን በእኛ ቋንቋ የስም ፍቺ ማለት የስሙ ትርጉም ነው። «ገብረ ማርያም» ቢባል ፍቺው «የማርያም አገልጋይ» ይሆናል እንጂ ሰውዬው የሚኖርበት ቤት አይሆንም። (ቃሉ ሌላም ፍቺ እንዳለው ባለትዳሮች ያውቃሉ።) የትኛው ቃል እንደሚስማማ ለመወሰን የነገሩን አመጣጥ መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በ1969 በአሜሪካ አርፓኔት የተባለው መረብ ሲጀመር የተያያዙት ኮምፒዩተሮች አራት ብቻ ነበሩ። ስም ከቁጥር ይልቅ ለሰው ስለሚቀል እያንዳንዱ ተቋም የየራሱን የስምና የቁጥር ዝርዝር ይዞ ይሠራ ነበር፤ ዝርዝሮቹም እርስ በርሳቸው ይለያዩ ጀመር። ስለዚህ በ1974 አንድ የጋራ ዝርዝር በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም እንዲጠበቅ ተደረገ። የጠባቂው ክፍል ኀላፊ ኤልሳቤጥ ፋይንለር ነበሩ። አዲስ ስም የፈለገ ለዚያ ክፍል ያስታውቃል፤ ክፍሉ ስሙ ቀድሞ አለመያዙን አይቶ ይመዘግባል፤ ሌሎቹ ዝርዝሩን እየቀዱ ይወስዳሉ። መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ሰው ይህን ሥራ ወዲያው ያውቀዋል፤ አንድ አርታኢ፣ አንድ መዝገብ፣ ብዙ ቅጂ። ችግሩም ያው የምናውቀው ነው፤ ቅጂው አንባቢው ዘንድ ሲደርስ መዝገቡ ራሱ ተለውጦ ይገኛል።

በ1981 ጆን ፖስተል ያዘጋጁት የመረቡ ደንብ ሦስት ቃላትን ለይቶ አስቀመጠ፤ ይኸውም ስም የሚፈለገውን ነገር፣ አድራሻ ያለበትን ስፍራ፣ መንገድ ደግሞ የሚደረስበትን ሁኔታ ያመለክታል የሚል ነው። ለቃላት ጥናት ከዚህ የጠራ ድንጋጌ በቴክኒክ ጽሑፍ ውስጥ አላነበብኩም። በዚህ ድንጋጌ ስም ትርጉም እንዲኖረው አይጠየቅም።

የዝርዝሩ ዕድገት ሊቻል ባልሆነ ጊዜ ፖል ሞካፔትሪስ በኅዳር 1983 አዲስ ሥርዐት በጽሑፍ አቀረቡ፤ በ1987ም ተሻሽሎ ወጣ። ሥርዐቱ አንዱን መዝገብ ለብዙ ጠባቂዎች ያከፋፈለ ነው። የበላዩ ጠባቂ የበታቹን ስሞች አያውቅም፤ የሚያውቀው እነርሱን የሚያውቅ ማን እንደ ሆነ ብቻ ነው። «ዶሜይን» ለሚባለውም «ጎራ» ከማለት «ግዛት» ማለትን የምመርጠው ሥልጣን ከላይ ወደ ታች የሚሰጥበትን ይህን ሁኔታ ስለሚገልጽ ነው።

እንግዲህ አንድ የድርጅት ሠራተኛ የሒሳብ ክፍሉን ሰርቨር በስም ቢጠራ፣ ስለ እርሱ የሚጠይቅ ፕሮግራም የድርጅቱን የስም ጠባቂ ይጠይቃል። ስሙ የውጭ ከሆነ ጥያቄው ከሥሩ ይጀምርና «እኔ አላውቅም፣ እገሌን ጠይቅ» እየተባለ ባለቤቱ ዘንድ ይደርሳል። ይህ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ሥራውን «አድራሻ ፍለጋ»፣ ፕሮግራሙን «አፈላላጊ» ብንለው ነገሩ ከነአካሄዱ ይታያል። ሰርቨሩ ሲለወጥም የሚታረመው በጠባቂው ዘንድ ያለው አንድ መስመር ነው፤ ስሙ እንዳለ ይቆያል። አፈላላጊው ግን ያገኘውን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ስለሚቆይ፣ ከለውጡ በኋላ አንዳንዱ ሠራተኛ ለሰዓታት ወደ አሮጌው አድራሻ ሊሄድ ይችላል። «የስም ፍቺው ተበላሸ» ተብሎ የተተረጐመ ማስጠንቀቂያ ይህን ለማንም አያስረዳም። «የተያዘው አድራሻ አሮጌ ነው» ቢባል ግን ሠራተኛው ምን መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል።

የፊደሉ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሥርዐቱ ሲወጠን ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ተደንግጎ ነበር። የእኛ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ገባ፤ ከ2003 ጀምሮም ከላቲን ውጭ በሆኑ ፊደሎች ስም ማውጣት የሚቻልበት ደንብ አለ። ይሁንና ለኮምፒዩተሩ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ። ለመረቡ የላይኛ ስሞች በ2017 የወጣው ደንብ በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች እንደ አቻ ስለሚቆጥር አንዱ ከተያዘ ሌላው ይታገዳል። በትግርኛ ግን ሀ እና ሐ ድምፃቸው የተለየ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ተለክቶ የተቆረጠው ልክ ለትግርኛ ስሞች ይጠብባል። ከላይኛው ደረጃ በታች ላሉት ስሞች አጻጻፉን የሚወስነው የየግዛቱ ጠባቂ ነው። እርሱም በሙያው መሐንዲስ እንጂ የፊደል ሊቅ አይደለም፤ ሞክሼ ፊደሎችን በተመለከተ የሚጠይቀውም መዝገበ ቃላታችንን ይሆናል።