ፒክ አፑን ማን መረጠልን?

ከአገር ቤት ለጉብኝት የሚመጡ ወዳጆቼ አሜሪካ በገቡ በሳምንታቸው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ለመሆኑ እዚህ አገር ሃይሉክስ የለም እንዴ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም፣ የእርዳታ ድርጅቱም፣ የነጋዴውም መኪና የሆነው ያ ደብል ጋቢና ፒክ አፕ የመኪና አገር በምትባለው አሜሪካ ለገበያ አይቀርብም። ታኮማ የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው፤ ዓይን የሚሞላው ግን ሌላ ነው። አፍንጫው ከሰው ደረት የሚደርስ፣ አሜሪካውያን «ሄቪ ዱቲ» የሚሉት ከባዱ ፒክ አፕ ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ የሚሰጠው የተለመደ መልስ አጭር ነው፤ «ሕዝቡ ትልቅ መኪና ይወዳል፣ ገበያውም የወደደውን አቀረበለት» የሚል። እኔ የምቀበለው ግማሹን ብቻ ነው። ሕዝቡ ትልቅ መኪና መውደዱ እውነት ነው። ዳሩ ግን ከገዢው ቀድመው የመረጡ አሉ፤ እነርሱም ቀረጥ የጣሉ፣ የክብደት መስመር ያሰመሩና የግብር ቅናሽ የሰጡ ሹማምንት ናቸው። ጉዳዩ ለታሪክ ወዳጅ ብቻ የሚቀርብ ወግም አይደለም። በዚህ አገር በጭነት ሥራ የተሰማሩና ለመሰማራት የሚያስቡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና የኪስ ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በዶሮ ነው። ቀልድ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ዶሮ እርባታ ወደ ፋብሪካነት ሲለወጥ፣ ርካሽ የዶሮ ሥጋ አትላንቲክን ተሻግሮ የምዕራብ ጀርመንን ገበያ አጥለቀለቀ። የአውሮፓ ገበሬዎች ጮኹ፤ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብም በ1962 ከውጭ በሚገባ ዶሮ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። ዋሽንግተን ብትደራደርም አልሆነላትም። በመጨረሻ ነገሩ ጋት በመባል ይታወቅ በነበረው የንግድ ስምምነት ሥር ለተሰየመ ቡድን ቀረበና የአሜሪካ ጉዳት 26 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተተመነ። ይህ እየሆነ ሳለ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተገደሉ። ተተኪያቸው ሊንደን ጆንሰን ሥልጣን በያዙ በ12ኛው ቀን፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1963፣ የአጸፋውን አዋጅ ፈረሙ። ከ1964 መጀመሪያ አንሥቶ በአራት ዕቃዎች ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ተጣለ፤ በድንች ስታርች፣ ከስታርች በሚሠራው ዴክስትሪን፣ በብራንዲ እና በቀላል የጭነት መኪና ላይ። በጭነት መኪናው ላይ የወደቀው 25 በመቶ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለምን እንደተመረጡ መገመት አያስቸግርም፤ ከአውሮፓ የሚመጡ ናቸው። አራተኛው ያነጣጠረው በምዕራብ ጀርመኑ ቮልስዋገን ላይ ነው። ያ ሁላችንም የምናውቀው ሣጥን መሰል ቮልስዋገን ፒክ አፕም ነበረው፤ በአሜሪካ ገበያም መወደድ ጀምሮ ነበር። ከቀረጡ በኋላ ግን ከገበያው ጠፋ ማለት ይቻላል። በንግድ ስምምነቱ ደንብ መሠረት ቀረጡ በአንድ አገር ላይ ብቻ ሊጣል ስለማይችል፣ በዶሮው ጠብ ውስጥ እጁ ያልነበረበት የጃፓን ፋብሪካ ሁሉ አብሮ ከፋይ ሆነ። ከደረቅ ጋር እርጥብ ይቃጠላል እንዲሉ።

ስታርቹም፣ ዴክስትሪኑም፣ ብራንዲውም ውሎ አድሮ ነጻ ወጡ። የጭነት መኪናው ቀረጥ ግን ከ60 ዓመታት በላይ ቆይቶ ዛሬም አለ። ጠቡ ተረስቷል፤ ዶሮዋም ከተበላች ዘመን የለውም። አንድ ጊዜ ጥበቃ የተደረገለት ኢንዱስትሪ ግን ጥበቃውን እንደ ርስት ይቆጥረዋልና የሚያነሣው አልተገኘም።

ነጋዴ ደግሞ ዘዴ አያጣም። የጃፓን አስመጪዎች ጋቢናውንና ሻንሲውን ብቻ በ4 በመቶ ቀረጥ አስገብተው የጭነት መያዣውን አሜሪካ ላይ መግጠም ጀመሩ፤ ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ1980 ነው። ሱባሩ «ብራት» በተባለችው ትንሽ ፒክ አፕ ጀርባ ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ በሚወርድበት ቦታ፣ ሁለት የላስቲክ ወንበሮች ተክሎ «የሰው መኪና ናት» በማለት አሳለፋት። (ሮናልድ ሬገን ሳይቀሩ ከእነዚህ አንዷን በእርሻቸው ላይ ይነዱ ነበር።) ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የፎርድ ነው። በቀረጡ ሲጠበቅ የኖረው ይኸው ኩባንያ፣ ከ2009 ጀምሮ ከቱርክ ያስገባው የነበረውን ትንሽ የጭነት ቫን ከነኋላ ወንበሩና ከነመስኮቱ በሰው ማመላለሻ ስም አምጥቶ፣ ወደብ ከደረሰ በኋላ ወንበሩን እየነቀለ ያወጣ ነበር። መንግሥት ከሰሰው። በ2024 ፎርድ 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ክርክሩ ተዘጋ። አጥር ያጠረ ሰው በገዛ አጥሩ ሲሰቀል ማየት ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው መራጭ የክብደት መስመር ነው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ። ሕጉ የሚለካው የመኪናውን ባዶ ክብደት አይደለም፤ ፋብሪካው ከነጭነቱ የሚፈቅድለትን ጠቅላላ ክብደት ነው። ይህንን ቁጥር የሚወስነው ራሱ ፋብሪካው ስለሆነ፣ መስመሩ ሲያስቸግረው መኪናውን ጥቂት አጠንክሮ ወደ ማዶ ያሻግረዋል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከ6,000 ፓውንድ በታች የሆኑ መኪናዎች ጭሳቸውን የሚያጣራ ዕቃ እንዲገጥሙና እርሳስ አልባ ቤንዚን እንዲጠቀሙ የሚያስገድድ ደንብ ሲመጣ፣ ፎርድ ከመስመሩ ለጥቂት የሚዘል አዲስ ሞዴል አወጣ። ስሙ ኤፍ-150 ይባላል። ዛሬ አሜሪካ የምትኮራበት ይህ መኪና የተወለደው ከደንብ ሽሽት ነው።

በዚያው በ1975 መጨረሻ፣ በአረቦቹ የነዳጅ ማዕቀብ የደነገጠው ምክር ቤት የመጀመሪያውን የነዳጅ ቁጠባ ሕግ አጸደቀ። ለቤት መኪና በ1985 በጋሎን 27.5 ማይል ተወሰነለት። የጭነት መኪናው ለብቻው የላላ ልክ ተሰጠው፤ ከ8,500 ፓውንድ (3,855 ኪሎ ገደማ) በላይ የሆነው ደግሞ ከልኩ ጭራሹን ወጣ። እንግዲህ የዛሬው ከባድ ፒክ አፕ ያደገው በዚህ ነጻ መሬት ላይ ነው። ለእርሱ የመጀመሪያው የፌዴራል የነዳጅ ቁጠባ ደንብ የወጣው በ2011 ሲሆን መሥራት የጀመረውም ከ2014 ሞዴሎች ነው። ሌላም አለ። ማንኛዋም ትንሽ አውቶሞቢል በመሸጫው ግቢ ስትቆም በጋሎን ስንት ማይል እንደምትሄድ የሚናገር ወረቀት በመስኮቷ ላይ ይለጠፋል። ከ8,500 ፓውንድ በላይ የሆነው ፒክ አፕ ግን ይህን የመለጠፍ ግዴታ የለበትም።

ስለ ጉልበቱ ብዙ አልልም፤ የመኪና ወዳጆች ከበቂ በላይ ጽፈውበታል። በ1989 ዶጅ የከሚንስን 5.9 ሊትር የናፍጣ ሞተር ሲገጥም ኃይሉ 160 የፈረስ ጉልበት ነበር። የ2023 ፎርድ ሱፐር ዲዩቲ ከፍተኛው የናፍጣ ሞተር 500 ደርሷል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፤ የሚጫነው የቤት ዕቃና የሚጎተተው ጀልባ ግን በዚያው ልክ አልከበደም።

ሦስተኛው መራጭ የግብር ሕጉ ነው። በ1984 ምክር ቤቱ ሐኪሙና ጠበቃው የቅንጦት አውቶሞቢላቸውን በንግድ ወጪ ስም ከግብር እንዳይቀንሱ ጣሪያ ሲያበጅ፣ እውነተኛውን የሥራ መኪና ላለመጉዳት ከ6,000 ፓውንድ በላይ የሆኑትን ተዋቸው። ያኔ እንዲህ የሚከብደውን የሚነዳው ገበሬውና ግንበኛው ነበር። በ2003 ለአነስተኛ ንግዶች በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ወጪ ወደ 100,000 ዶላር ከፍ ሲል፣ ከከተማ የማይወጣ ሁሉ ከባድ መኪና መግዛት ጀመረ። ነቀፌታ በዛ፤ በ2004 ለትልልቆቹ የቤተሰብ መኪናዎች ጣሪያው ወደ 25,000 ተቀነሰ። ፒክ አፑ ግን የጭነት መያዣው ርዝመት ቢያንስ 6 ጫማ ከሆነ ከዚህ ጣሪያ ነጻ ነው ተባለ። ስለዚህ በመሸጫ ግቢ ውስጥ ሜትር ይዞ የፒክ አፕ ጀርባ የሚለካ ሰው ብታዩ እንጨት ሊጭን ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ለንግድ የተገዛ ዕቃን ሙሉ ዋጋ በመጀመሪያው ዓመት መቀነስን መልሶ አመጣ፤ በነዳጅ ቁጠባ ልክ ላይ የነበረውንም የገንዘብ ቅጣት ወደ ዜሮ አወረደው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት አለምክንያት አይደለም። አንድ ወዳጄ ለዓመታት ያጠራቀመውን ይዞ፣ ተሳቢ የሚጎትት አዲስ የናፍጣ ፒክ አፕ ገዝቶ፣ «ሆትሻት» በሚሉት የጭነት ሥራ ሊሰማራ ተነሥቷል። «ወንድሜ፣ መንግሥት ነው የሚገዛልኝ አሉ እኮ» አለኝ። ሻጩ የነገረው ነው። ወረቀት አውጥተን ሒሳብ ሠራን። ከገቢ መቀነስና ከግብር መቀነስ የተለያዩ ናቸው። በ22 በመቶ የግብር እርከን ላይ ያለ ሰው የ80,000 ዶላር መኪና ሙሉ ዋጋ ቢቀንስ የሚተርፍለት ቢበዛ 17,600 ነው፤ ቀሪውን 62,400 የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። ያም ሙሉ ጥቅም እንዲገኝ የሚቀነስለት ገቢ መኖር አለበት፤ ሥራ ገና ለሚጀምር ሰው ደግሞ የሚጎድለው እርሱው ነው።

የክብደት መስመሮቹም አላለቁም። የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ከ10,000 ፓውንድ ካለፈ፣ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት የሚሠራ ጫኝ የፌዴራል መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ለሰው ዕቃ በክፍያ የሚጭን ከሆነ ደግሞ ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኃላፊነት ዋስትና መግባት አለበት። ተሳቢው ከ10,000 በላይ ሆኖ ድምሩ ከ26,000 ሲያልፍ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። ብዙዎቹ መለስተኛ ከባድ ፒክ አፖች ጠቅላላ ክብደታቸው ልክ 10,000 ላይ የቆመው በአጋጣሚ አይደለም። ከዚህም የሚወለድ አንድ ጉድ አለ። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ በመቶዎች በሚቆጠር ፓውንድ ይከብዳል፤ ጣሪያው ያው 10,000 ከሆነ፣ ጉልበተኛው መኪና በጀርባው የሚሸከመው ከደካማው ያነሰ ይሆናል። እኔ ራሴ አሮጌ የቤንዚን ፒክ አፕ ይዤ ዓመታት የቆየሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ተሳቢ የምጎትተው በወር ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው።

ናፍጣውን የመረጠ ሰው ከ2007 ወዲህ የጥላሸት ማጣሪያውን፣ ቀጥሎም የዩሪያ ፈሳሹን ወጪ አብሮ መርጧል። አጭር መንገድ እየሄደ የሚቆም መኪና ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። ነቅሎ መጣሉ ሕገ ወጥ ነው፤ ሆኖም የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ግምት ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒክ አፖች በአሥር ዓመት ውስጥ ተነካክተዋል። ባለቤቶቹን ብቻ መውቀስም አይገባም። ከሚንስ ራሱ በራም ፒክ አፖች ላይ ፍተሻን የሚያታልል ዘዴ አስገብቷል ተብሎ በ2023 መጨረሻ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ምንም ያልመረጠው እግረኛ ነው። በ2009 በአሜሪካ መንገዶች የሞቱት እግረኞች 4,109 ነበሩ፤ በ2022 ከ7,500 በላይ ሆነዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ስልኩም፣ ፍጥነቱም፣ የመንገዱ አሠራርም አለበት። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የመንገድ ደኅንነት ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት ግን አፍንጫው ከ40 ኢንች በላይ ከፍ ያለ መኪና እግረኛን ሲገጭ የመግደል ዕድሉ ዝቅተኛና ተዳፋት አፍንጫ ካለው በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሕፃን ልጅ ከእንዲህ ያለው መኪና ፊት ቆሞ ለሹፌሩ አይታየውም። የጆንሰን አዋጅም፣ የ1975ቱ ሕግም፣ የ6 ጫማው መስፈርትም ስለዚህ ልጅ የሚሉት ነገር የለም።

ወዳጄ ግዢውን ለጊዜው አቆይቶታል። መጀመሪያ የሚጎትተውን ተሳቢ ከነጭነቱ የከባድ መኪናዎች ማደያ ሚዛን ላይ አስመዝኖ፣ ቁጥሩን በፒክ አፑ በር ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው የክብደት ምልክት ጋር እንዲያስተያይ መክሬው ነበርና እንደዚያ አደረገ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ከመሸጫው ግቢ ደወለልኝ። የመስኮቱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብቦ ነዳጁን የሚናገር መስመር አጥቶ ነው።