የሕንድ የድንጋይ ምስሎች ከቤተ መቅደስ እስከ ባዕድ አጸድ

በ2021 መገባደጃ ገደማ በእንግሊዝ አገር፣ በአንድ የግል መኖሪያ ቤት አጸድ ውስጥ፣ የፍየል ራስ ያላት አንዲት የድንጋይ ሴት ተገኘች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሣርና በአበባ መካከል ስትቀመጥ ላያት ሁሉ የአትክልት ጌጥ ነበረች። የሕንድ ቅርሶችን ዱካ የሚከታተሉ ሰዎች ግን ማንነቷን ለዩ። በሰሜን ሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር በባንዳ አውራጃ፣ ሎካሪ ከምትባል መንደር ቤተ መቅደስ በ1980ዎቹ የተሰረቀች፣ በ10ኛው መቶ ዓመት ከአሸዋ ድንጋይ የተቀረጸች ዮጊኒ ነበረች። በ1986 አንዲት የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ቪድያ ደሄጂያ ስለ ዮጊኒዎች አምልኮና ቤተ መቅደሶች ባሳተሙት ጥናት የሎካሪን ምስሎች አንሥተው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1988 ይህችው ምስል በለንደን የሥነ ጥበብ ገበያ ለአጭር ጊዜ ታይታ ተሰወረች። ጥር 14 ቀን 2022 በለንደን ለሚገኘው የሕንድ መንግሥት ከፍተኛ መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት ተመለሰች። የጎሽ ራስ ያላት እኅቷ ቭሪሻናናም በ2013 ከፓሪስ ወደ አገሯ ገብታ ነበር።

ዮጊኒዎች በኅብረት የሚመለኩ ሴት አማልክት ናቸው። ብዙውን ጊዜ ቁጥራቸው 64 ነው ይባላል። ኃይላቸው በአንድነታቸው ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ አንዷን ከእኅቶቿ ነጥሎ መውሰድ ከአንድ መዘምራን ጓድ መካከል አንድ ድምፅ ነቅሎ እንደ መሄድ ነው። በቤተ መዘክር ውስጥ ብትሆን እንኳ ከሥሯ አንድ የጽሑፍ ሰሌዳ ይኖራት ነበር፤ አገሯ፣ ዘመኗ፣ የድንጋዩ ዓይነት ይነገርላት ነበር። አጸድ ግን ሰሌዳ የለውም። ዝናብ ያጥባል፣ ሽበት ያበቅላል፣ ስምንም ያስረሳል። የሎካሪዋ ዮጊኒ ከሰላሳ ዓመታት በላይ ተደብቃ ልትኖር የቻለችው በመጋዘን ስለ ተቆለፈባት ብቻ አይመስለኝም። የሕንድ አማልክት በእንግሊዝ አጸድ ውስጥ መቆማቸው ማንንም የማያስገርም ልማድ ሆኖ ስለ ነበር ጭምር ነው።

ይህ ልማድ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ከምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አገልግሎት በሀብት የተመለሰው ቻርልስ ኮከረል በግሎስተርሺር ሴዚንኮት በሚባለው ርስቱ ላይ በሕንድ ሥልት መኖሪያ ቤት አሠራ። ንድፉን ያወጣው ወንድሙ ሳሙኤል ፔፒስ ኮከረል ነው። ሕንድን ዞሮ የሣለው ሠዓሊ ቶማስ ዳንኤል ደግሞ በአጸዱ አሠራር አማካሪ ሆነ። በድልድዩ ላይ ኮርማዎች ተቀመጡ፤ ከኩሬው በላይ ለፀሐይ አምላክ ለሱርያ የምትሆን ትንሽ ቤተ መቅደስ ተሠራች። በሕንድ ቤተ መቅደስ ፊቱን ወደ ሺቫ መቅደስ መልሶ የሚተኛው ኮርማ፣ ናንዲ፣ በሴዚንኮት የድልድይ ጌጥ ሆነ። እነዚህ ምስሎች ተዘርፈው የመጡ ሳይሆኑ እዚያው እንግሊዝ አገር የተሠሩ ናቸው።

በዚያው ዘመን በካልካታ የነበረው መኮንን ቻርልስ ስቱዋርት ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። ለሕንድ ሃይማኖት ካለው ፍቅር የተነሣ ባልንጀሮቹ «ሕንዱው ስቱዋርት» እያሉ ይጠሩት የነበረው ይህ ሰው እጅግ ብዙ የድንጋይ ምስሎች ሰብስቦ በ1828 ሞተ። ስብስቡ ወደ ለንደን ተጭኖ በጨረታ ተሸጠ፤ አብዛኛው ክፍል በ1872 በብሪታንያ ቤተ መዘክር ገባ። ፍቅሩ እውነተኛ ነበር፤ ፍቅሩ ግን ምስሎቹን ከነበሩበት ከመነቀል አላዳናቸውም። የአክሱም ሐውልት በ1937 ወደ ሮም ተግዞ የአደባባይ ጌጥ እንደ ሆነና በ2005 እስኪመለስ ድረስ ስንት ዓመት እንደ ቆየ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

እንግዲህ አንድን ምኞት ለማርካት ሁለት መንገዶች ነበሩ፤ መውሰድና ማሠራት። ዛሬ አንድ አሜሪካዊ ወይም አውሮፓዊ ለአጸዱ የሚሆን ጋኔሽ ሲገዛ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚሄድ የሚወሰነው ከድንጋዩ በስተጀርባ ያለውን ሰው ለማወቅ በመፈለጉ ወይም ባለመፈለጉ ነው። ይህን ሰው ለመተዋወቅ ወደ ማማላፑራም መሄድ ያስፈልጋል።

ማማላፑራም፣ በሌላ ስሟ ማሃባሊፑራም፣ ከቼናይ ከተማ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። በ7ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የፓላቫው ንጉሥ ቀዳማዊ ናራሲምሃቫርማን «ማማላ»፣ ማለትም ታላቁ ታጋይ፣ ይባል ስለ ነበር ስሟን ከእርሱ ወሰደች። ከአለት የተፈለፈሉት ዋሻዎች፣ ከአንድ ድንጋይ የተቀረጹት አምስቱ ራታዎች፣ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ባለው አለት ላይ የተቀረጸው የጋንጅስ መውረድ በዚያ ይገኛሉ። ሥፍራው በ1984 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለእኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚናገሩት ሳይፈጸሙ የቀሩት ሥራዎች ናቸው። ቀራፂዎቹ አለቱን በጥልቅ መስመሮች ወደ አራት ማዕዘኖች ከከፋፈሉ በኋላ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ እየመቱ ያነሡ ነበር። መሮው የቆመበት ቦታ ዛሬም ይታያል። የንጉሡ ስም በከተማይቱ ሲጠራ፣ የዚያ መሮ ባለቤት ስም የለውም።

በዚያች ከተማ የመሮ ድምፅ ዛሬም ይሰማል። በ1957 የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የቅርጻ ቅርጽ ማሠልጠኛ አቋቋመባት። በመንገዶቿ ዳር ያሉ ሥራ ቤቶች ከጣት እስከ ቤት ጣራ የሚደርሱ ምስሎችን ይቀርጻሉ። በ2017ም የማማላፑራም የድንጋይ ቅርጽ በሕንድ ሕግ የመልክዓ ምድር መለያ ስም ተሰጥቶታል። ባለሙያው፣ ሺልፒ፣ ሥራውን የሚጀምረው ድንጋዩን በማዳመጥ ነው። በጥንቱ የሺልፓ ሻስትራ ትምህርት ድንጋይ ወንድ፣ ሴትና ፆታ የሌለው ተብሎ ይከፈላል፤ ሲመቱት እንደ ደወል የሚያስተጋባው ለወንድ አማልክት ምስል፣ ድምፁ የሚለሰልሰው ለሴት አማልክት፣ የማይጮኸው ለመሠረት ይውላል። ቀጥሎ ልኬት ይመጣል። መለኪያው ታላ ይባላል፤ ከግንባር ፀጉር መነሻ እስከ አገጭ ያለው የፊት ርዝመት ነው፤ እርሱም በ12 ጣት ይከፈላል። የአንድ ምስል ቁመት ስንት ታላ እንደሚሆን እንደ አምላኩ ማዕረግ ተወስኗል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን አይደነቅበትም፤ ቤት በተወሰነለት ልክ ውስጥ ነፃነትን ማግኘት የጥንት ጥበብ ነውና። ግራናይት ጠንካራ ስለ ሆነ መሮው ቶሎ ይደንዛል፤ ስለዚህ ሥራ ቤቱ አጠገብ የብረት ምድጃ ይነዳል፣ መሮዎቹም እየተመላለሱ ይሳላሉ።

ምስሉ ከተጠናቀቀ በኋላ እንኳ አምላክ አይደለም። የቲያትር ሰው ነኝና በሙያዬ ላስረዳ፤ በአልባሳት ክፍል የተሰቀለ የንጉሥ ካባ ንጉሥ አይደለም፤ ተዋናዩ ለብሶት መድረክ ላይ ሲወጣ ነው የሚነግሠው። ለቤተ መቅደስ የተሠራ ምስልም ቀራፂው በሥርዓት ዓይኑን ከፍቶለት፣ ካህኑም እስትንፋስ የማሳደርን ሥርዓት ፈጽሞለት ነው የሚመለከው። ለአጸድ የሚሸጠው ዓይኑ በሥርዓት አልተከፈተም። ሺልፒው ያለ ኅሊና ወቀሳ ለባዕድ ሊሸጠው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የሎካሪዋ ዮጊኒ ግን ዓይኗ ከተከፈተ አንድ ሺሕ ዓመት ሆኗታል።

ሕጉም በራሱ ቋንቋ ይህንኑ ልዩነት ያውቃል። በ1972 ወጥቶ ከ1976 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሕንድ የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ 100 ዓመትና ከዚያ በላይ ዕድሜ ያለውን ቅርጽ ጥንታዊ ቅርስ ብሎ ይሰይማል፤ ግለሰብ እንዲህ ያለውን ወደ ውጭ መላክ ክልክል ነው። አዲሱ ሥራ ጥንታዊ መስሎ የሚያጠራጥር ሲሆን ከአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ጥንታዊ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ይወጣለታል። እንግዲህ ሐቀኛ ገዢ ከሻጩ ይህን ወረቀት ይጠይቃል። «ከአሮጌ ቤተ መቅደስ የተገኘ ነው» ብሎ ዋጋ የሚያስወድድ ነጋዴ ግን ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ሌባ ነው። የአጸድ ጌጥ ሻጮች በብዛት የሚያቀርቡትን ሰውነት የሌለውን የቡድሃ ራስም ልብ ይሏል። ዘራፊዎች ለመሸከም እንዲቀላቸው ከአንገት በመጋዝ እየቆረጡ ያመጡት ራስ በገዢው ዓይን ውበት ሆነ፤ ከዚያም ቀራፂዎች ራስን ብቻ መቅረጽ ጀመሩ።

ከሕንድ ውጭ ይህ ንግድ የደራባት የሂንዱ እምነት ምድር የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ናት። የባቱቡላን መንደር ቀራፂዎች የሚሠሩበት ፓራስ የተባለው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ ዐመድ የተገኘ ነው። ለመሮ ይታዘዛል፤ በእርጥብ አየር ውስጥም ቶሎ ሽበት አውጥቶ ያረጃል። ትናንት የተቀረጸ የበር ጠባቂ ነገ የአያት ዘመን ሥራ ይመስላል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የድንጋይ ዱቄት ከሲሚንቶ ጋር ተለውሶ በፎርማ የሚፈሰው ነው፤ እርሱም «በእጅ የተቀረጸ» ተብሎ ይሸጣል። የፎርማው መጋጠሚያ መስመር፣ የአየር አረፋ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ መንትያነት ያጋልጡታል። በሲሚንቶ የተሠራ ጌጥ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ የሌላውን ሰው የእጅ ድካም ስም መስረቁ ነው፤ በዋጋም ቀራፂውን ከገበያ ያስወጣዋል።

ቀራፂውም ከዋጋው ጋር ለመወዳደር ሲል የኤሌክትሪክ መቁረጫ ይዟል። መቁረጫው ሥራውን ያፋጥናል። ከግራናይት የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ግን ሳንባ ውስጥ እየገባ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። ድንጋዩን በውኃ እያራሱ መቁረጥና ተገቢውን የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ይከላከለዋል። ነገር ግን ይህ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ርካሽ ጋኔሽ የሚሻ ገዢ ደግሞ ለዚህ አይከፍልም። በጭነት ሰነዱ ላይ የድንጋዩ ክብደት፣ ዋጋ፣ የተላከበት አገር ይሰፍራል። የሠራው ሰው ስም የሚሰፍርበት ረድፍ የለም።

ሌላ ዓይነት ግዢም ተደርጓል። በማማላፑራሙ ማሠልጠኛ ለብዙ ዓመታት በኃላፊነት ያገለገሉት፣ በሕንድ ደቡባዊ ጫፍ በካንያኩማሪ ከመሬት 133 ጫማ የሚቆመውን የባለቅኔውን የቲሩቫሉቫርን ሐውልት ያቆሙት ጋናፓቲ ስታፓቲ (1927–2011)፣ በሃዋይ በካዋይ ደሴት ለሚሠራው የኢራይቫን ቤተ መቅደስ ንድፍ አወጡ። ጥርቡ በ1990 ባንጋሎር አጠገብ ተጀመረ። አሠሪዎቹ ሥራው ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ በመሮና በመዶሻ ብቻ እንዲከናወን ፈለጉ። የተጠረቡት በሺሕ የሚቆጠሩ ግራናይቶች በመርከብ ውቅያኖስ ተሻገሩ። ድንጋዮቹን የሚያጋጥሙ ሺልፒዎችም ከሕንድ ወደ ደሴቲቱ ሄዱ፤ በመሮዎቻቸውም የመጨረሻውን ልክ እዚያው አወጡ። ቤተ መቅደሱ በ2023 ተመረቀ። አሠሪዎቹ ሠላሳ ሦስት ዓመት ጠብቀዋል።