ፎርጅድ ዊንዶውስ፦ የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

የሶፍትዌር ስርቆት ታሪክ የሚጀምረው ከሲዲ ወይም ከፍላሽ አይደለም። ከወረቀት ነው።

ጊዜው 1975 ነው (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ አልቴር 8800 የሚባል፣ ዕቃው ተገዝቶ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም ኮምፒውተር ገበያ ላይ ወጣ። ስክሪን የለውም፣ ኪቦርድም የለውም። ቢል ጌትስና ፖል አለን የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለዚህ ማሽን አዘጋጁ። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው በተበሳሳ የወረቀት ጥቅልል ላይ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገ አንድ ማሳያ ላይ ከጥቅልሎቹ አንዱ ተወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ሆምብሪው በሚባለው የኮምፒውተር ወዳጆች ክበብ ውስጥ ኮፒው በነጻ ይታደል ጀመር።

ጌትስ ተናደደ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1976፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ለእነዚህ ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። አልቴር ካላቸው ሰዎች ቤዚክን ከፍለው የገዙት ከ10 በመቶ በታች ናቸው አለ። ለሥራው የዋለው የኮምፒውተር ሰዓት ብቻ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ እንደሚያወጣ፣ የተገኘው ገቢ ሲሰላ ግን በሰዓት 2 ዶላር እንኳ እንደማይሞላ ዘረዘረ። ድርጊቱንም በስሙ ጠራው፦ ስርቆት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ያ የወረቀት ኮፒ ከዋናው ምንም ልዩነት አልነበረውም። የሚጎዳው ሠሪውን እንጂ ተጠቃሚውን አልነበረም። ዛሬ በየቤቱ ያለው ፎርጅድ ዊንዶውስ ግን እንደዚያ አይደለም። ልዩነቱ ከየት መጣ?

🔹 ለይስሙላ የተዘጋ በር

ማይክሮሶፍት ከዚያ በኋላ ብልሃቱን ቀየረ። ከግለሰብ ይልቅ ለኮምፒውተር አምራቾች መሸጥ ላይ አተኮረ። ከ1981ዱ የአይቢኤም ኮምፒውተር ጀምሮ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ተደምሮ መሸጡ እየተለመደ ሄደ። ከአምራች ውጭ የሚጭነውን ሰው የሚጠብቀው ቁልፍ ግን በጣም ደካማ ነበር።

ለምሳሌ ዊንዶውስ 95ን እንውሰድ። ሲጫን የሚጠይቀው ቁጥር ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው በቀላል ሒሳብ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ 7 አሃዞች ድምር ለ7 ከተካፈለ በቂው ነው። ሁሉንም ቦታ በ1 የሞላ ሰው ያልፍ ነበር።

ይህ ስንፍና ብቻ ነበር ማለት ያስቸግራል። ጌትስ በ1998 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስለ ቻይና ሲናገር፣ ሰዎቹ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ ይሻላል፣ ከለመዱት በኋላ የምናስከፍልበትን መንገድ እናገኛለን የሚል ሐሳብ ሰንዝሯል። ከ22 ዓመት በፊት ስርቆት ብሎ የጮኸው ሰው ነው እንግዲህ። ኮፒው ገቢ ቢያሳጣም ተጠቃሚ እያለማመደ ነበር። በብዙ ድሃ አገሮች አንድ ትውልድ ኮምፒውተር ማለት ዊንዶውስ ብቻ እየመሰለው ያደገው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

🔹 ቁልፉ ሲጠብቅ

ኦክቶበር 25 ቀን 2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ወጣ። ከእሱ ጋር «አክቲቬሽን» የሚባለው ነገር ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ። ገዢው በ30 ቀን ውስጥ ሶፍትዌሩን ከኩባንያው ዘንድ ማስመዝገብ አለበት፤ ካላስመዘገበ መግባት አይችልም። ምዝገባው ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ጋር ስለሚታሰር አንድ ሲዲ ለሰፈሩ ሁሉ መጫን አበቃ ተባለ።

አላበቃም። ለትልልቅ ድርጅቶች የተዘጋጀው ኤክስፒ አክቲቬሽን አይጠይቅም ነበር። የዚህ ቅጂ ቁልፍ ሶፍትዌሩ በይፋ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት አፈትልኮ ዓለምን አዳረሰ። ኩባንያው በ2002 ባወጣው ማሻሻያ ያንን ቁልፍ አገደ። የዚያኛው ወገን መልስ ክራክ ሆነ፤ የሲስተሙን ፋይሎች ራሳቸውን ከፍቶ መቀየር።

ታሪኩ የታጠፈው እዚህ ጋ ነው። ቁልፉ ደካማ ሳለ ኮፒው የዋናው መንትያ ነበር። ቁልፉ ሲጠብቅ ግን ለመስበር የማይታወቅ ሰው እጅ መግባት ግድ ሆነ። የሰበረው ሰው ማን ነው? ሲሰብር ምን ጥሎ ወጣ? ይህን ጥያቄ ተጠቃሚው ሊመልስ አይችልም።

🔹 ቅጣቱ ያረፈበት

ኩባንያው በ2005 ማሻሻያ የሚያወርድ ሰው መጀመሪያ ኮፒው ትክክለኛ መሆኑ እንዲመረመር አስገደደ። ምርመራው ግን ሁልጊዜ አልሠራም። በኦገስት 2007 የመመርመሪያው ሰርቨር ስለተበላሸ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙ ሰዎች «የእናንተ ፎርጅድ ነው» ተባሉ። በኦክቶበር 2008 ደግሞ በቻይና ምርመራውን ያላለፉ ኮምፒውተሮች የስክሪን ጀርባ በየሰዓቱ ጥቁር እንዲሆን ተደረገ። ሕዝቡ ተቆጣ። ኩባንያው የሰው ኮምፒውተር ውስጥ በምን መብቱ ይገባል የሚል ክርክር ተነሣ።

ክርክሩ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሳይጋበዝ የገባው ኩባንያው ብቻ አልነበረም።

በ2007 የቻይና ፖሊስና የአሜሪካው ኤፍቢአይ በጋራ ባደረጉት ዘመቻ ደቡብ ቻይና ውስጥ አንድ ትልቅ የፎርጅድ ሶፍትዌር መረብ ተያዘ። ያሠራጨው ሶፍትዌር ዋጋ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል። ሲዲዎቹ የተሠሩት ዋናውን እንዲመስሉ ስለነበር ብዙ ገዢ ኦሪጅናል የገዛ መስሎት ነበር። በ2008 መጨረሻ 11 ሰዎች እስር ተፈረደባቸው።

ከዚያ የባሰው በ2012 ተሰማ። የማይክሮሶፍት መርማሪዎች በቻይና ከተለያዩ ከተሞች 20 አዳዲስ ኮምፒውተሮችን ገዝተው ሲፈትሹ በ4ቱ ላይ ከፎርጅድ ዊንዶውስ ጋር ቫይረስ ተጭኖ አገኙ። ከእነዚህ አንዱ ኒቶል የሚባለው ነው። ገዢው ማሽኑን ከካርቶኑ አውጥቶ ኢንተርኔት ላይ ሲሰካው፣ ኮምፒውተሩ ከቤቱ ባለቤት ሌላ ጌታ ነበረው።

🔹 በገዛ እጅ መክፈት

አሁን ደግሞ ሌላ መልክ መጥቷል። ድርጅቶች ብዙ ኮምፒውተሮችን በራሳቸው ሰርቨር አክቲቬት የሚያደርጉበት ኬኤምኤስ የሚባል አሠራር አለ። ክራክ ሠሪዎች ይህን ሰርቨር የሚያስመስሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ሠሩ። ፕሮግራሙ ሲጫን ታዲያ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ዘበኛውን አሰናብቶ እንግዳ ማስገባት ማለት ነው። በ2021 መጨረሻ የደህንነት ባለሙያዎች ኬኤምኤስፒኮ በሚባለው መሣሪያ ስም የሚዞር ሐሰተኛ ፋይል ብራውዘር ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን የሚሰርቅ ቫይረስ ይዞ ማግኘታቸውን አሳወቁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እንዲህ ነው።

ሌላው ጉዳት የሚመጣው ከፍርሃት ነው። ፎርጅድ ያለው ሰው «እንዳይነቃብኝ» ብሎ አፕዴት ይዘጋል። በኤክስፒ ዘመን ኩባንያው ዋና ዋና የደህንነት ማሻሻያዎችን ለፎርጅድ ኮፒዎችም በአውቶማቲክ አፕዴት ይልክ ነበር፤ ብዙዎች ግን በራሳቸው ፍርሃት ሳይወስዱት ቀሩ። አፕዴት መዝጋት ምን እንደሚያስከትል በሜይ 12 ቀን 2017 ታየ። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን መታ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ የወጣው ማርች 14 ነበር። አፕዴት ላደረገ ሰው ሁለት ወር ያህል ጊዜ ነበረው።

🔹 ወደ አገር ቤት ስንመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሕግ ይጠበቃል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ይሸፍነዋል። በተግባር ግን ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ወደ ጥገና ቤት ይኬዳል፣ «ፎርማት» ይደረጋል፣ ከባለሙያው ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ ይጫናል። ስለ ኦሪጅናልነት የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። በዚሁ መንገድ የአገር ልጆች የለፉባቸው የግዕዝ መጻፊያ ሶፍትዌሮችም ከፍላሽ ፍላሽ ሲዞሩ ኖረዋል። የ1976ቱ የጌትስ ቁጣ የሀብታም ቁጣ ብቻ አይደለም።

የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ አብዛኞቹ ላፕቶፖች የዊንዶውስ ቁልፋቸው ማዘርቦርዳቸው ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚመጣው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለች እህት የላከችው ላፕቶፕ ኦሪጅናል ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ጥገና ቤት ገብቶ ፎርማት ሲደረግ የተከፈለበት ይጠፋና ክራክ ይጫንበታል። ባለቤቱ የራሱን ጥሎ የሌባ ተሸክሞ ይመለሳል፤ ለዚያውም የአገልግሎት ከፍሎ።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

1. ሴቲንግስ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ መክፈት። አክቲቬት የሆነው «በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት» ነው የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ መልእክት በግል የቤት ኮምፒውተር ላይ ከታየ፣ የትኛው ድርጅት? ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ መልእክት አለመታየቱ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም።

2. ፎርጅድ ከሆነ ክራኩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ፎቶና ሰነድ (ፕሮግራም ሳይጨምር) ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት፣ ጤነኛ በሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ መጫኛውን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ማዘጋጀት፣ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን።

3. ሲጫን ማሽኑ ይዞት የመጣውን ዓይነት መምረጥ። ከፋብሪካ «ሆም» ይዞ የመጣ ላፕቶፕ ላይ «ፕሮ» ከተጫነ የተቀበረው ቁልፍ አይሠራም።

4. የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃሎችን ከሌላ መሣሪያ ላይ መቀየር።

5. ቁልፍ የሌለውና መግዛት የማይችል ሰው ኡቡንቱን መሞከር ይችላል። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ያስጀመረው፣ ከ2004 ጀምሮ በነጻ የሚታደል፣ ማንም ክራክ ማድረግ የማያስፈልገው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው።

ድሃ አገር ውስጥ ዊንዶውስ በዶላር ግዛ ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ሰውን ሌባ ብሎ መሳደብም የ50 ዓመቱን ታሪክ መርሳት ነው፤ ራሱ ባለንብረቱ አንድ ዘመን ላይ አይቶ እንዳላየ አልፏልና። ነገር ግን የዛሬው የቤት ኮምፒውተር እንደ አልቴር የትርፍ ጊዜ መጫወቻ አይደለም። የልጆች ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሥራ ሰነድ ያለበት ቤት ነው። ቤት ሲከራይ እንኳ የቀድሞው ተከራይ ቁልፍ መመለሱ ይጣራል፤ ካልተመለሰ ጋን ቁልፉ ይቀየራል። ኮምፒውተር ላይ ግን ቁልፉን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ለዓመታት ይኖርበታል።