ከቃሬዛው ሥር ያለ ትከሻ

ጦርነት ጀግና ብሎ የሚያነሣው ጥሎ የመጣውን ነው፤ የወደቀውን ያነሣውን እምብዛም አያስታውስም። ቁስለኛ አንሺ ወታደር በየሠራዊቱ መለመዱ የቅርብ ዘመን ነገር ነው። በጥንቱ ዘመቻ ወንድሙ ወይም አሽከሩ ፈልጎ ያላገኘው ቁስለኛ ብዙውን ጊዜ ከወደቀበት ይቀር ነበር። በእኛም አገር ቁስለኛን ማንሣት የዘመድ፣ ማከም የወጌሻ፣ ማጠጣት ደግሞ ስንቅ ይዘው የዘመቱት ሴቶች ድርሻ ነበር።

መንገዱ መለወጥ የጀመረው በፈረንሳይ አብዮት ጦርነቶች ጊዜ ነው። የጦር ሐኪሙ ዶሚኒክ ዣን ላሬ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ፈጣን የፈረስ ጋሪዎችን ወደ ውጊያው መሐል አሰማራ። ቁስለኛውም የሚታከመው በማዕረጉ ሳይሆን በቁስሉ ክብደት ቅደም ተከተል እንዲሆን አደረገ። ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ጆናታን ሌተርማን አምቡላንሶችን በሐኪሞች ዕዝ ሥር ሰብስቦ ሥርዓት አበጀላቸው። በዚያው ዘመን ስዊዘርላንዳዊው አንሪ ዱናንት እ.ኤ.አ. በ1859 በሶልፌሪኖ የጦር ሜዳ ያየው ስቃይ የቀይ መስቀልን እንቅስቃሴ ወለደ፤ ነሐሴ 22 ቀን 1864 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የጄኔቭ ስምምነትም ቁስለኛውና አንሺው ከጥቃት እንዲጠበቁ ደነገገ። ከዚህ ወዲህ ቃሬዛ ተሸካሚው በሁለት ነገር ይቆማል፤ አንዱ አደረጃጀት ነው፣ ሌላው ቃል ኪዳን። አደረጃጀቱ በየጦርነቱ እየተሻሻለ ሄዷል። ቃል ኪዳኑ ግን ደጋግሞ ተሰብሯል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ሠራዊት «የመስክ አምቡላንስ» ማለት መኪና ሳይሆን አንድ ሙሉ ክፍል ነበር፤ ግማሹ ቁስለኛ ይሸከማል፣ ግማሹ በድንኳን ያክማል። ከነዚህ ወታደሮች ስሙ የገነነው ጆን ሲምፕሰን ኪርክፓትሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በሰሜን እንግሊዝ፣ በሳውዝ ሺልድስ ተወለደ፤ በልጅነቱ በባሕሩ ዳር ሕፃናትን በአህያ እያዞረ ይሠራ ነበር። መርከበኛ ሆኖ አውስትራሊያ ሲደርስ ከመርከቡ ኮበለለ። ሸንኮራ ቆረጠ፣ ድንጋይ ከሰል ቆፈረ፣ በመርከብ ምድጃ ላይ ሠራ። በ1914 ሲምፕሰን በሚል ስም በ3ኛው የመስክ አምቡላንስ ተመዘገበ። ሚያዝያ 25 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ወረደ፤ አንዲት አህያ አግኝቶም እግራቸው የቆሰለውን እየጫነ ጥይት በሚዘንብበት ሸለቆ ተመላለሰ። ግንቦት 19 ቀን ተገደለ፤ ገና 22 ዓመቱ ነበር፣ አገልግሎቱም አንድ ወር አልሞላም። ዝናው ይገባዋል። ሆኖም በዚያው ሸለቆ ያለ አህያ፣ በትከሻቸው ብቻ ወራት ሙሉ የተሸከሙት ጓዶቹ በስሙ ጥላ ሥር መቅረታቸው ያሳዝናል።

ቃል ኪዳኑ ክፉኛ የተፈተነው በእኛ ምድር ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ጀመረ። ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድ፣ ከእንግሊዝና ከግብፅ የአምቡላንስ ጓዶች መጡ። ሐኪሞቹ የውጭ ሰዎች ቢሆኑም አስተርጓሚው፣ ድሬሰሩና ተሸካሚው በአብዛኛው የአገር ልጅ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በራስ ደስታ ዳምጠው ግንባር፣ መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን አምቡላንስ በአውሮፕላን ተደበደበ፤ ቁስለኞች በተኙበት አለቁ፣ ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትረምም ሞተ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በቆረም አካባቢ የእንግሊዙ አምቡላንስ ተመታ። ከሰማይ እንዲታይ በሰፊው የተዘረጋው ቀይ መስቀል ጋሻ መሆኑ ቀርቶ ዒላማ ሆነ። በባዶ እግሩ የዘመተውን ሠራዊት የሰናፍጭ ጋዝ ሲያቃጥለው ተሸካሚው ጭንብል አልነበረውም፤ የቁስለኛውን ልብስ የነካ እጁም አብሮ ይቃጠል ነበር። የእንግሊዙ ጓድ መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ አዲስ አበባ በዘረፋ በተናወጠችበት ሰሞን ቁስለኛ ሊያነሣ ሲል በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ከነጻነት በኋላ «መሣሪያ አንይዝም፣ ሰው ግን እናነሣለን» ያሉ፣ ጦርነትን የሚቃወሙት የኩዌከር ክርስቲያኖች አምቡላንስ ወጣቶች በአገራችን አገለገሉ። በ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ስምምነቶች ታደሱ፤ የሕክምና ወታደሩ ጥበቃም በዝርዝር ተጻፈ። ዛሬ ሄሊኮፕተር የላሬን ጋሪ ተክቷል። ከተተኮሰበት ሥፍራ እስከ ሄሊኮፕተሩ ያለው መንገድ ግን አሁንም የሰው ትከሻ ይፈልጋል።

የውጭ አገር ሐኪሞቹ ታሪክ በየቋንቋቸው ተጽፏል። አብረዋቸው የተሸከሙት ኢትዮጵያውያን ግን ስማቸው ተጽፎ የቀረልን ጥቂት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከአያትህ ሣጥን ውስጥ ቀይ መስቀል ያለበት የክንድ ጨርቅ፣ ፎቶግራፍ ወይም ደብዳቤ ካለ የዘማቹን ስምና የዘመተበትን ግንባር ጻፍበት፤ ቅጂውንም ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) አድርስ።