የናስካር ጋራዥና ፒት መግቢያ ፈቃድ

የናስካር ጋራዥና ፒት መግቢያ ፈቃድ በአሜሪካ የስቶክ ካር ውድድር ላይ ተመልካቹን ከመቀመጫው አንሥቶ መኪኖቹ ወደሚሠሩበት ጋራዥ እና ጎማ ወደሚቀየርበት፣ ነዳጅ ወደሚሞላበት ፒት የሚያዘልቅ፣ ከአንገት የሚንጠለጠል ባጅ ነው። ተራው ትኬት ወንበር ይሰጣል፤ ይህ ባጅ ግን ቦታም ሰዓትም ይወስናል። ጠዋት ጋራዥ ያስገባ ፓስ ከሰዓት በኋላ በዚያው በር ላይ ባለቤቱን ሊያስመልስ ይችላል። የፓሱ ዓይነት ሁሉ የሚቆመው በዚህ የሰዓት ጉዳይ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና በሜዳው ላይ በማይሮጥበት ጊዜ ጋራዡና ፒቱ «ኮልድ» ይባላሉ፤ ልምምድ፣ የማጣሪያ ሙከራ ወይም ውድድር ሲኖር ደግሞ «ሆት» ይሆናሉ። የኮልድ ፓስ የያዘ ሰው ከውድድሩ በፊት ባሉት ሰዓታት መካኒኮቹ ኮፈን ከፍተው ሲሠሩ፣ መኪኖቹ ለምርመራ ተሰልፈው ሲገፉ ማየት ይችላል፤ ሞተር ሊነሣ ሲል ግን እንዲወጣ ይደረጋል። የሆት ፓስ የያዘው ውድድሩ እየተካሄደም ይቆያል። ከሁለቱ በላይ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል፣ «ሃርድ ካርድ» የሚሉት ፈቃድ አለ፤ እሱም ከሳምንት ሳምንት ውድድሩን ተከትለው ለሚጓዙት ለነጂዎች፣ ለቡድን ሠራተኞች፣ ለዳኞችና ለቋሚ ጋዜጠኞች የሚሰጥ እንጂ ለተመልካች አይሸጥም።

ለሆት ሰዓት የተደነገገው የአለባበስ ሥርዓት ብዙ እንግዳ ያስገርማል። ረጅም ሱሪ፣ ጣት የሚሸፍን ጫማና እጅጌ ያለው ልብስ ግዴታ ነው፤ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ የሚል ወረቀት ላይ መፈረምም አለ። ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ልጆች በዚህ ሰዓት በአብዛኛው አይፈቀድላቸውም። ምክንያቱ ቦታው ላይ ለቆመ ሰው ግልጽ ነው። ከሜዳ የተመለሰ መኪና ብሬኩና የጭስ ማውጫው የነካውን ያቃጥላል፤ መኪኖቹ ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ይነዳሉ፤ በሞተሩ ጩኸት መካከል ደግሞ ከኋላ የሚመጣው አይለይም። ፒቱ ላይ አምስት ሠራተኞች ግንቡን ዘለው ይወርዳሉ፣ በክሪክ ያነሣሉ፣ አራት ጎማ ይቀይራሉ፣ ነዳጅ ይሞላሉ። በ2022 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ መኪና እያንዳንዱ ጎማ የሚታሰረው እንደ ቀድሞው በአምስት ሳይሆን በአንድ ዳዶ ስለሆነ፣ ጥሩ ቡድን ይህን ሁሉ በ10 ሰከንድ አካባቢ ይጨርሰዋል። እንግዳው ከግንቡ ወዲህ ይቆማል፤ አንድ እርምጃ የተሳሳተ እንደሆነ መሰናክል የሚሆነው ለራሱ ብቻ አይደለም።

ጥንቃቄው በሰው ሕይወት የተገዛ ነው። በኅዳር 1990 በአትላንታ በተደረገው ውድድር ወደ ፒት የሚገባ መኪና ተንሸራቶ የቢል ኤሊየትን ቡድን ጎማ ቀያሪ ገደለው። እስከዚያ ቀን ድረስ በፒት ሮድ ላይ የፍጥነት ወሰን አልነበረም፤ በ1991 ተደነገገ። ስለዚህ የሆት ፓስ ደንብ የሚያበዛውን ጠባቂ ከመውቀስ በፊት ይህን ማስታወስ ይገባል።

ፈቃዱ ከየት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ ዋናው መልስ ስፖንሰር ነው፤ ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። ናስካርን ቢል ፍራንስ ሲኒየር በ1947 መገባደጃ በዴይቶና ቢች ስትሪምላይን ሆቴል በጠራው ስብሰባ ጠነሰሰው፤ ድርጅቱም በ1948 መጀመሪያ በሕግ ተቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኪናው ከመንገዱ መኪና ብዙም የማይለይ፣ ቡድኑም ቤተሰብና ጎረቤት ነበር። በ1971 የሲጋራ ማስታወቂያ በአሜሪካ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲከለከል የዊንስተን ሲጋራ ባለቤት የሆነው አር ጄ ሬይኖልድስ ኩባንያ ገንዘቡን ወደዚህ ስፖርት አዞረ፤ ዋናው ውድድርም እስከ 2003 ድረስ በዊንስተን ስም ተጠራ። ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉ። በመኪናው ጎን ስሙን ያስጻፈ ኩባንያ ደንበኞቹን፣ አከፋፋዮቹንና ሠራተኞቹን ይዞ ይመጣል፤ ጋራዡ ውስጥ ነጂውን ያስተዋውቃቸዋል፤ የንግድ ወዳጅነቱም እዚያው ይጠብቃል። ስፖርቱ ለእንግዳ በሩን የከፈተው ከደግነቱ የተነሣ ብቻ ሳይሆን ኑሮው በእነዚህ እንግዶች ላይ ስለቆመም ነው። አንድ ተመልካች የስፖንሰሩ መደብር ሠራተኛ ወይም ቋሚ ደንበኛ ከሆነ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እዚያው ነው።

ከዚህ ሌላ የውድድር ሜዳዎቹ ራሳቸው ከትኬቱ ጋር ተጨማሪ የሚከፈልበት የቅድመ ውድድር ፓስ ይሸጣሉ፤ ይህ በሜዳው ላይ ለመራመድና ነጂዎች የሚተዋወቁበትን መድረክ በቅርብ ለማየት ያበቃል እንጂ ሁልጊዜ ጋራዥ አያስገባም፤ ገዢው ይህን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። የበጎ አድራጎት ጨረታና የሎተሪ ዕጣም ፓስ ያስገኛሉ። ጋዜጠኛ የሆነ ሰው ከሚሠራበት ተቋም የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ አስቀድሞ ያመለክታል። ባጁ ለሌላ አይተላለፍም፤ ከመንገድ ዳር ሻጭ የተገዛ ፓስ በር ላይ የመነጠቅ ዕጣ አለው።

ባለፉት ዓመታት አንዳንድ ሜዳዎች ጋራዡን ራሱን ለተመልካች እንዲመች አድርገው ሠርተውታል። የፊኒክስ ሜዳ በ2018 በተጠናቀቀው የ178 ሚሊዮን ዶላር እድሳት፣ ታላዴጋም በ2019 በተፈጸመው የ50 ሚሊዮን ዶላር ሥራ፣ ልዩ ትኬት የያዘ ተመልካች መካኒኮቹ ሲሠሩ ከቅርብ እንዲያይ አስችለዋል። ይህ ለተራው ሰው ትልቅ እርምጃ ነው፤ በኩባንያ በኩል ዘመድ የሌለው ሰው ቢያንስ ገንዘብ ቆጥቦ የሚደርስበት በር አግኝቷል።

በሩ ለሁሉም እኩል ተከፍቶ የኖረ ግን አይደለም። ጥቁሩ ነጂ ዌንደል ስኮት በሥራው መጀመሪያ ላይ በቀለሙ ምክንያት ከውድድር ሜዳ ተመልሷል። በታኅሣሥ 1963 በጃክሰንቪል ሲያሸንፍ ድሉ መጀመሪያ ለባክ ቤከር ተሰጠ፤ ስሕተቱ በኋላ ቢታረምም፣ ቤተሰቡ ዋንጫውን የተቀበለው እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2021 ነው።

በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እንግዳ ሁሉ ከጋራዥ ታገደ፤ በግንቦት በዳርሊንግተን ውድድሩ ሲቀጥል የገቡት ለሥራው የግድ የሚያስፈልጉት ብቻ ነበሩ። በሰኔ ታላዴጋ ላይ በጥቁሩ ነጂ በባባ ዋላስ ጋራዥ ውስጥ ሸምቀቆ የሚመስል ገመድ ሲገኝ ጉዳዩ የከበደው ለዚህም ነው፦ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ በሚገባበት ቦታ ጥርጣሬው የሚያርፈው በባልደረባ ላይ ነበርና። ኤፍቢአይ መርምሮ ገመዱ የበር መሳቢያ መሆኑንና ቢያንስ ከጥቅምት 2019 ጀምሮ፣ ጋራዡ ለዋላስ ከመመደቡ በፊት፣ እዚያ እንደነበረ አረጋገጠ። ናስካር በ29 ሜዳዎች ያሉትን 1,684 የጋራዥ ክፍሎች አስፈተሸ፤ ሸምቀቆ ሆኖ የታሰረው ያ አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከውድድሩ በፊት ነጂዎችና መካኒኮች የዋላስን መኪና እየገፉ ወደ ፒት ሮዱ ፊት አጅበውታል።

ፓስ ያላገኘ ሰውም ከጓዳው ወሬ አይርቅም። በሜዳው የሚከራየው የሬዲዮ ስካነር ነጂው ከቡድኑ ጋር የሚነጋገረውን ሁሉ ያሰማል፤ ብዙ ነባር ተመልካቾች ያለ እሱ ውድድር አያዩም። አብዛኞቹ ቡድኖች መኪና የሚገነቡባቸው ሕንፃዎች ደግሞ በሰሜን ካሮላይና በሻርሎት ዙሪያ፣ በኮንኮርድና በሙርስቪል ይገኛሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሙዚየምና የሥራ ቦታውን የሚያሳይ መስኮት ስላላቸው፣ ውድድር በሌለበት የሥራ ቀን ሄዶ መኪኖቹን በቅርብ ማየት ይቻላል።